የጋሽ ቀጥ መስመር

በጫጩት ማስፈልፈያው ግቢ ከእንቁላሉም ከጫጩቱም በላይ የሚከበር አንድ ነገር ነበር፤ መስመር። ከሥራ አስኪያጁ ወንበር ጀርባ፣ ግማሽ ግድግዳ በያዘ ስክሪን ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሳብ የሚውልና የሚያድር አረንጓዴ መስመር። እንቁላሉ የሚታቀፍበትን ትልቅ ማሽን ሙቀት ያሳያል። ቀጥ ሲል ግቢው ሰላም ይውላል። ሲጎብጥ አንድ ሰው ዕቃውን በፌስታል ሸክፎ ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁን ሠራተኞቹ በሌለበት «ጋሽ ቀጥ» ይሉታል። አካሄዱ ቀጥ ነው፣ ክራባቱ ቀጥ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የደረደራቸው እርሳሶች ሳይቀሩ ለሰልፍ የወጡ ይመስላሉ። አልቀና ያለው ጫጩቱ ብቻ ነበር። ጫጩቶቹ ከቀናቸው ቀድመው ቅርፊቱን ሰብረው ይወጡና ትሪው ላይ ይልፈሰፈሳሉ፤ እምብርታቸው አይድንም፣ ቁርጭምጭሚታቸው ይቀላል፤ ገሚሶቹም እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ። የተረፉትን የወሰዱ አርቢዎች በሳምንቱ ባዶ ሣጥናቸውን ይዘው ይመለሱና በሩ ላይ ይጮኻሉ። ጋሽ ቀጥ ጩኸቱን ሲሰማ ወደ በሩ አይዞርም፤ ወደ ስክሪኑ ነው የሚዞረው። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ይለቅመዋል። የፀጉር ስባሪ የምታህል ጉብታ ካገኘ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራል።

«ይኸውላችሁ!» ይላል። «አላልኩም?»

መስመሩን የሠራችለት ታናሽ እህቱ ናት። የቁጥጥር መሐንዲስ ናት፤ ሰው ፊት ስትናገር እስከ ጆሮዋ የምትቀላ፣ በሆዷ ግን የሰማችውን ሁሉ የምትንቅ ሴት። ስብሰባ ላይ አፏን ዘግታ ትቀመጥና እያንዳንዱን ተናጋሪ በልቧ ስትገነጣጥል ትውላለች። ወንድሟን ትንቀዋለች፤ በር ላይ የሚጮኹትን አርቢዎች ትንቃለች፤ ባሏን እንኳ፣ ብትወደውም፣ ሲያዛጋ ስታየው ትንሽ ትንቀዋለች። የማትንቀው ነገር ቢኖር የገዛ መቆጣጠሪያዋን ነበር።

«ምኑን ነው እንዲህ የወደድሽው?» ብሏት ነበር ባሏ አንድ ቀን።

«አያወራም» አለችው።

እውነቷን ነው፤ አያወራም። ማሽኑ ውስጥ የተንጠለጠለው መለኪያ ሙቀቱን ያነባል። መቆጣጠሪያው የተነበበውን ከታዘዘው ቁጥር ጋር ያነፃፅራል። ከጎደለ ማሞቂያውን ያበራል፤ ከበዛ ያጠፋል፤ ከዚያ እንደገና ያነባል። ሥራው ይኸው ነው፤ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። የታዘዘው ቁጥር ሠላሳ ሰባት ከግማሽ ነበር፤ መቆጣጠሪያውም ይህን ቁጥር የሙት ልጅ አደራ እንደተቀበለ ሰው ይጠብቀዋል።

ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ። ጋሽ ቀጥ ስብሰባ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ሦስተኛ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ የሚል ሰው አልተገኘም። ከመስመሩ ስንት ወጣን? ማን አወጣን? መልሱ ሲገኝ እርማት ይወሰዳል። ስብሰባው ራሱ ቁርጥ መቆጣጠሪያውን መምሰሉን መሐንዲሷ ልብ ብላ አታውቅም። ይለካል፣ ያነፃፅራል፣ ያርማል፣ እንደገና ይለካል። ልዩነታቸው መቆጣጠሪያው ማሞቂያ ሲያጠፋ ስብሰባው ሰው ማባረሩ ነው።

የማስፈልፈያ ክፍሉ የመጀመሪያ ኃላፊ የተባረረው የማሽኑን በር እየከፈተ መስመሩን ስለሚያጎብጥ ነው። ሁለተኛዋ ከእሱ ተምራ በሩን ጨርሳ ዘጋችው፤ ጫጩቱ ሲያልቅ «ክትትል አላደረገችም» ተብላ ሄደች። ሦስተኛው ኃላፊ እያለ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር፤ ጫጩቱ ግን እንደ ቅጠል ረገፈ። ጋሽ ቀጥ መስመሩን አገላብጦ አገላብጦ ጉብታ ሲያጣ ጥፋቱ የተደበቀ ነው አለና ደባቂውን አባረረ።

አራተኛው ኃላፊ የመሐንዲሷ ባል ነው። የቋንቋ መምህር ነበር፤ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ቤት ሲውል ለወንድሟ የነገረችው እሷ ራሷ ናት። ሥራውን ወደደው። ነጭ ካፖርት ለብሶ በትሪዎቹ መካከል ሲመላለስ ክፍል ውስጥ የገባ ያህል ደረቱ ይነፋል፤ እንቁላሎቹንም «ተማሪዎቼ» ይላቸዋል፤ «ከዱሮዎቹ የሚሻሉት ዝም በማለታቸው ነው።» ሥራ ከመፍታቱ በፊት የነበረው ሳቁ ተመልሶ ነበር። እሷም ያንን ሳቅ እንደገና ላለማጣት ስትል ማንም ያላየውን ያህል ትፈራ ነበር።

ከዚያ ማሞቂያው ተቃጠለ። በአንዱ ዙር እንቁላል ሦስተኛና የመጨረሻ ሳምንት ላይ ነው፤ መለዋወጫው ከሩቅ የሚመጣ ስለሆነ ማሽኑ በአንድ ትንሽ ማሞቂያ ብቻ ሰነበተ። መስመሩ እንደ ረገበ የልብስ ማስጫ ገመድ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ጋሽ ቀጥ ስክሪኑን ላለማየት ወንበሩን አዞረው። ሰኞ ሲደርስ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«ስንት ወጣን?» አለ ጋሽ ቀጥ።

«ዲግሪ ከግማሽ» አለች እህቱ ወደ ጠረጴዛው እያየች። «ወደ ታች።»

«ማን አወጣን?»

ባሏ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «የተቃጠለው ማሞቂያ።»

«ማሞቂያ ሰው አይደለም፤ አማች።»

«እኔም ማሞቂያ አይደለሁም፤ ጋሼ።»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጫጩት ቆጣሪ ሳቋን በመሐረቧ አፈነች። ጫጩቱን ከትሪ እያነሳች ደህናውን ከደካማው የምትለይ፣ በግቢው ሰው ሁሉ «እትዬ» የምትባል ሴት ናት።

«እኔ የምለው» አለች ሳቋን ውጣ፣ «የዚህ ዙር ጫጩት እኮ ጉድ ነው። ሣጥን አለቀብን! አንዷን ስይዝ ሌላዋ እጄ ላይ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ፈልፍለን አናውቅም።»

ጋሽ ቀጥ አንዱን እርሳስ በጣቱ አስተካከለ። «ጥሩ ነው፤ እትዬ። እሱን ‘ልዩ ልዩ’ ላይ እናነሳዋለን።»

‘ልዩ ልዩ’ ላይ አልደረሱም። ከዚያ በፊት ሌላ ሥራ ነበር፤ ማሞቂያው በአዲስ ይተካ ተባለ፤ መስመሩ ዳግመኛ እንዳይረግብ መጠባበቂያ ማሞቂያ ይጨመር ተባለ፤ የክፍሉ ኃላፊ ብልሽቱን ዘግይቶ ስላሳወቀ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ተባለ። ግቢው ከተመሠረተ ወዲህ ያየው ምርጥ ዙር በዚህ ሁኔታ እንደ ጥፋት ተመዝግቦ ታረመ። መጠባበቂያ ማሞቂያውን ያቀረበችው መሐንዲሷ ናት። ሐሳቧ ተቀባይነት በማግኘቱ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

የሚቀጥለው ዙር መስመር ቀጥ ካለም በላይ ቀጥ አለ። ጫጩቶቹም እንደ ዱሯቸው ረገፉ።

«አማች» አለ ጋሽ ቀጥ በሰኞው ስብሰባ፣ «ያለህ አንድ ዙር ነው። መስመሩ ከጎበጠ፣ ወይ ጫጩቱ እንዲህ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ እኔና አንተ የምንገናኘው እህቴ ቤት ብቻ ነው።»

«እዚያም የምንበላው ዶሮ አይደለም፤ አይዞህ» አለ ባሏ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ራሱ።

ያ የመጨረሻ ዙር ሁለተኛ ሳምንቱን ጨርሶ ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል፣ አመሻሹ ላይ ባልና ሚስቱ ወጥ ቤት ነበሩ። እሱ ሳህን ያጥባል፤ እሷ ታደርቃለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እንዳትጮኺብኝ እንጂ።»

«መቼ ጮኼ አውቃለሁ?»

«በዓይንሽ ትጮኺያለሽ» አለ። «ሠላሳ ሰባት ከግማሽ ያለው ማነው?»

«ምን ማለት ነው?»

«መቆጣጠሪያሽ ይቺን ቁጥር ቀን ከሌት ይጠብቃል። ማን ሰጠው?»

«እኔ ነኛ።»

«ላንቺስ?»

መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። መልሱ የሚመጣበት ቦታ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ደም ወደ ጆሮዋ ወጣ። «የታወቀ ቁጥር ነው» አለች።

«ማን ያወቀው?»

«ከዱሮው ማሽን ነው፤ እዚያም ይኸው ነበር። ሲሠራበት የኖረ ነው!»

«ያ አልጋ ሥር የሚገባው ሣጥን? የአሁኑ እኮ ሰው ቆሞ የሚገባበት ነው፤ ከወለል እስከ ጣራ በእንቁላል ተጠቅጥቋል።»

«ሙቀት ሙቀት ነው! እንቁላሉን የት ትኖራለህ ብሎ አይጠይቅም።» ሳህኑን ከሚገባው በላይ ጠረገችው። «ደግሞስ ቁጥሩ ቢሳሳት ኖሮ በመስመሩ ላይ ይታይ ነበር።»

«ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ መስመሩ በምን ያውቃል? መስመሩ የሚያውቀው እሱን ብቻ አይደል እንዴ?»

«ተማሪዎችህ ሳይደበድቡህ እንዴት ቀሩ?»

«ትምህርት ቤቱ ቀደማቸው» አለና አረፋ ያለበት እጁን አፍንጫዋ ላይ አስነካት። «ደህና የፈለፈልነው ያኔ፣ ማሞቂያው ሲቃጠል ብቻ ነው። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው። ምክንያቱን አላውቅም። ቋንቋ ነው ያስተማርኩት።»

«አጋጣሚ ነው» አለች። በማግሥቱ ልታሳየው ወሰነች። መርምራ እውነቱን ልታገኝ አይደለም፤ አፉን ልታዘጋው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ትንሽ መለኪያ ይዛ ማሽኑ ውስጥ ገባች። ሞቃትና እርጥብ አየር ፊቷን እንደ ላም ትንፋሽ መታት። ከመሃል ትሪ አንድ እንቁላል መርጣ መለኪያውን ቅርፊቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ማራገቢያው አፍ አጠገብ የተንጠለጠለው ትልቁ መለኪያ እንደ ወትሮው ሠላሳ ሰባት ከግማሽ ይላል። ትንሿ ግን ሠላሳ ዘጠኝን አልፋ ሄደች፤ ቆማም አልቆመችም፤ ትንሽ ደግሞ ጨመረች።

መለኪያዋ ተበላሽታለች አለች። ሌላ አምጥታ ለጠፈች፤ ያው ነው። እንቁላሉ ታሟል አለች። ሌላ ትሪ፣ ሌላ እንቁላል፤ ያው ነው። አሥር ያህል ቦታ ለካች። በመጨረሻ አንድ እንቁላል ላይ ልክ ሠላሳ ሰባት ከግማሽ አገኘችና እፎይ ብላ የባትሪ መብራት ከሥሩ አብርታ አየችው። ውስጡ ንጹህ ነበር። ደም ሥር የለው፣ ጥላ የለው። ዘር ያልያዘ እንቁላል ነው።

የተገለበጠ ትሪ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ያን ያህል ግልጽ ስለነበር ሊገባት ያልቻለው እንዴት እስከዛሬ እንዳልገባት ነው። በሦስተኛው ሳምንት በየቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፍጥረት ልብ አለው፣ ደም አለው፣ የራሱን ሙቀት ያመነጫል። በዚያች አልጋ ሥር በምትገባ ሣጥን ውስጥ የነበሩት ጥቂቶች ስለሆኑ ሙቀታቸው ይበተን ነበር። እዚህ ግን ተጠቃቅጠው እርስ በርሳቸው ይጋገራሉ። እሷ ደግሞ አየሩን ብቻ እየለካች፣ በዚያ ላይ መጠባበቂያ ማሞቂያ ጨምራላቸው ነበር። ያ የምትኮራበት መስመር ሲጠብቀው የኖረው ሕይወት የሌለውን እንቁላል ነው።

ወንድሟን፣ አርቢዎቹን፣ የስብሰባውን ሰው ሁሉ ስትንቅበት የኖረችው ንቀት ያኔ ዞሮ መጣባትና ጭኗ ላይ ተቀመጠ። ክብደቱን አታውቀውም ነበር፤ ሁልጊዜ የምትጭነው በሰው ላይ ነው።

ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ወንድሟ ቢሮ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ስህተት ነው።»

ጋሽ ቀጥ ወደ ስክሪኑ ዞሮ አየ። «ስንት ወጣን?»

«አልወጣንም። መስመሩ ነው የተሳሳተው።»

ይህ ዓረፍተ ነገር በጆሮው በር ላይ ትንሽ ሲያንኳኳ ቆየና ከፋች አጥቶ ተመለሰ። «ካልወጣን ምኑ ነው የሚታረመው?» አለ በእርጋታ።

«የምንጠብቀው ነገር! እንቁላሎቹ እየተቀቀሉ ነው። ቅርፊታቸው ላይ ለካሁ። ዛሬውኑ ዝቅ ማድረግ አለብን፤ ከዚያም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።»

«ማለትም መስመሩ እንዲጎብጥ ትፈልጊያለሽ።»

«አዎ።»

«አንቺ። መስመሩን የሠራሽው።»

«አዎ፤ ጋሼ።»

ወንድሟ ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም የቤተሰብ ድምፅ አደረገው። «እህቴ፣ ባልሽን ማዳን እንደምትፈልጊ ይገባኛል። እኔም ሰው ነኝ። ግን ለአንድ አማች ብዬ ሥርዓት አላፈርስም። ሰኞ አጀንዳ አስይዢው።»

«ሰኞማ ከእንቁላሉ ወጥተው ያልቃሉ!»

«ታዲያ ያኔ ውጤቱን ይዘሽ ትመጪያለሽ» አለ። በዚህ አነጋገሩ ራሱ ረክቶ እርሳሶቹን ተመለከተ።

ባሏን ክፍሉ በር ላይ አገኘችው። ያየችውን ሁሉ ነገረችው። አንድም ጊዜ «አላልኩም?» አላላትም፤ ይህንን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ከግድግዳው ተደግፎ ጥቂት አሰበ።

«እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነው» አለ። «ዝቅ ካደረግሽው መስመሩ ስለጎበጠ እባረራለሁ። ካላደረግሽው ጫጩቱ ስላለቀ እባረራለሁ።»

«አዎ።»

«እኔም ልባረር፣ እነሱም ይቀቀሉ ከምንል…» ወደ ማሽኑ በአገጩ አመለከተ። «ዝቅ አድርጊው። ቢያንስ ስወጣ የሚጮህ ነገር ከኋላዬ ይኑር።»

ወደ ቤት ተመልሶ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ቀኑን ሙሉ ሳይቀየር የሚውለው ፒጃማ፣ ያ ሳቅ የሌለው ፊት አንድ በአንድ በዓይኗ ዞሩ። መቆጣጠሪያውን ከፍታ ቁጥሩን ዝቅ አደረገችው።

መስመሩ መውረድ ሲጀምር ጋሽ ቀጥ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ፤ ሲሮጥ ያየው ሰው ያን ቀን ብቻ ነው ያየው። «መልሺው!»

የማሽኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ጆሮዋ ቢነኩት የሚያቃጥል ይመስላል። «የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ጋሼ። ደግሞስ እርማት የሚደረገው ሰኞ አይደል? ሰኞ እናየዋለን።»

አሠራሩ እንደሆነ የራሱ የወንድሟ ነው። «ሰኞ!» ብሎ ጣቱን ቀስሮ ሄደ። በቀሩት ቀናት እሷ ቅርፊቱን እየለካች ቁጥሩን ስታወርድ መስመሩም በስክሪኑ ላይ እንደ ደረጃ ቁልቁል ሄደ።

ሰኞ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ያ ደረጃ ጎልቶ ይታያል። ጋሽ ቀጥ ጥቁር ክራባት አድርጓል።

«ስንት ወጣን?»

«በየቀኑ የተለያየ ነው» አለች መሐንዲሷ። «በመጨረሻው ቀን ሁለት ዲግሪ።»

«ማን አወጣን?»

«እኔ።»

«የክፍሉ ኃላፊ እሱ ነው» አለና ወደ ባሏ ዞረ። «አማች፣ አትዘንብኝ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል። ከዛሬ ጀምሮ…»

በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። እትዬ ትልቅ ሣጥን ታቅፋ ገባች። «ይቅርታ፤ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም» አለችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

ቢጫ ጎርፍ ነበር። ጫጩቶቹ እየተንጫጩ በወረቀቱ ላይ፣ በብርጭቆዎቹ መካከል፣ በሰዉ እጅ ላይ ተራወጡ። እርሳሶቹን በታተኗቸው። አንዱ እርሳስ እየተንከባለለ ሄዶ ወደቀ፤ ሁለተኛውም ተከተለው። አንዲት ጫጩት በጋሽ ቀጥ ክራባት ላይ ለመውጣት ታገለች። የሒሳብ ሹሙ አንዷን ከኪሱ ሲያወጣ ሌላዋ ገባችበት።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው» አለች እትዬ። «በቀናቸው ነው የወጡት። አንድም አልተልፈሰፈሰ።»

ጋሽ ቀጥ ክራባቱ ላይ ያለችውን ጫጩት አነሳ። ገለበጣት። የታች ሆዷን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። ይህን ሁሉ ዘመን ጫጩት ሲሸጥ ጫጩት ይዞ ያየው ሰው የለም።

«እምብርቷ ድኗል» አለ ቀስ ብሎ።

መሐንዲሷ አንገቷን ቀና አደረገች። ወንድሟ ጫጩቷን እያየ ነበር፤ በዕድሜዋ አይታው የማታውቀው ዓይነት ፊት ፊቱ ላይ እየመጣ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ይሆን እንዴ፣ አለች በልቧ። ሊጠይቅ ነው።

ጋሽ ቀጥ ጫጩቷን አስቀመጠ። ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«ይህን መስመር አትሙልኝ» አለ። «በትልቁ። በፍሬም።»

የመለሱለት ጫጩቶቹ ናቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ መስመራችን ይህ ነው። ይህ ደረጃ። ቀጥ ያለው ስህተት ነበር፤ ታርሟል። በየሰኞው ከደረጃው ስንት እንደወጣን፣ ማን እንዳወጣን እናያለን።» ድምፁ እየሞቀ ሄደ። «አማች፣ ማስጠንቀቂያህ ተነሥቷል። እንዲያውም ይህን ደረጃ የሚጠብቅልኝ ሰው አንተ ነህ።»

ባሏ ካፖርቱ ላይ የወጣችውን ጫጩት እያሻሸ «እንቁላሉ ቢለወጥስ?» አለ። «ዶሮዎቹ ቢያረጁ? እንቁላሉ ቢተልቅ?»

«እንቁላል እንቁላል ነው፤ አማች።»

ባሏ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ ከዚያ እንባው እስኪወርድ። ያ ነበር ሳቁ፤ እሷ እንዳይጠፋ ስትፈራለት የኖረችው። የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በጫጩቶቹ መካከል አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ከቀጥታው ተርፌያለሁ» አለ። «ከደረጃ ወድቄ ብሰበር ግን እህትህ ታዝንብኛለች።»

ሥራውን ለቆ ቤት ቢገባም እሷ እንደፈራችው ፒጃማ ለብሶ አልዋለም። የጎረቤት ልጆችን ሳሎን ሰብስቦ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ፤ ማታ ስትገባ ወንበሩ ሁሉ በጠመኔ ብናኝ ነጥቶ ታገኘዋለች። ስለ መስመሩ አይጠይቃትም። «ተማሪዎቼ እንዴት ዋሉ?» ነው የሚላት፤ የትኞቹን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች።

ደረጃው በወርቃማ ፍሬም ተሰቀለ። አዲስ የክፍል ኃላፊ ተቀጠረ፤ ከመጣ ጀምሮ ፍሬሙን እንጂ ትሪውን ሲያይ አልታየም። በሚቀጥለው ዙር ካረጁ ዶሮዎች የተገኙ ትላልቅ እንቁላሎች ገቡ።

መሐንዲሷ በየቀኑ የማሽኑን በር ከፍታ ትገባለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጎድጎድ ይላል። አንድ ቀን መለኪያዋን ቅርፊቱ ላይ ለጥፋ ቁጥሩን እየጠበቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ወጥተናል!» አለ ወንድሟ። «ከደረጃው ወጥተናል፤ እያየሁት ነው። ስንት ወጣን?»

«ከምን?» አለችው።

ጥያቄው የት እንደሚቀመጥ ሲፈልግለት ትንፋሹ ይሰማታል።

«ከመስመሩ ነዋ!» አለ በመጨረሻ።

ስልኩን ሳትዘጋ እንቁላሎቹ መካከል አስቀመጠችው። ድምፁ ከዚያ ሆኖ እንደ ጫጩት ይንጫጫል። አንድ ትልቅ እንቁላል አንሥታ የዓይኗ ቆብ ላይ አሳረፈችው፤ ከቆዳ ሁሉ ስሱ እሱ ነው። ሞቋል፤ ፍሬሙ ላይ ያለው ደረጃ ከሚለው ይልቅ በጣም ሞቋል። በሌላ እጇ መቆጣጠሪያውን ፈልጋ ቁጥሩን ዝቅ አደረገችው፤ ከዚያም ሌላ እንቁላል አነሣች።